በቅጹ ላይ የጻፍኩት ቋንቋ

የእጅ ጽሑፌ ቆንጆ ነው። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም። ወልቂጤ ባስተማርኩባቸው ዓመታት ሁሉ የምስክር ወረቀት የሚሞላ ሲጠፋ፣ የሰርግ ጥሪ ላይ ስም የሚጽፍ ሲፈለግ፣ የምጠራው እኔ ነበርኩ። ከቤታችን ደግሞ ትምህርት የገፋሁት እኔ ብቻ ስለሆንኩ፣ ወረቀት የሚባል ነገር ከመጣ ከየትም ይምጣ ከየት መጨረሻው እኔ ዘንድ ነው። ወንድሜ ከዓረብ አገር ያንን ቅጽ የላከልኝም ለዚሁ ነው።

ወንድሜ በአንድ የፈረንሳዮች ኩባንያ ካምፕ ውስጥ ምግብ አብሳይ ነበር። ባለቤቱ አማርኛ እንጂ ጉራግኛ የማታውቅ የድሬዳዋ ልጅ ናት፤ እዚያው ነው የተገናኙት፣ እሷም ሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራለች። ሁለቱም ሥራ ላይ ስለሚውሉ ልጃቸው ሁለት ዓመት ሲሞላት አምጥተው ለእናቴ ሰጧት። እናቴ የምትኖረው ከቡታጅራ ወጣ ብሎ፣ በእግር አንድ ሰዓት በማይሞላ መንገድ ላይ ባለች የመስቃን መንደር ነው። ልጅቷ እዚያ እንሰት ውስጥ አደገች። ስድስት ዓመቷን ልትደፍን ስትል ኩባንያው የሠራተኞቹን ልጆች የትምህርት ቤት ክፍያ ሊሸፍን ነው ተባለ። ትምህርት ቤቱ የፈረንሳዮች የግል ትምህርት ቤት ነው፤ ከስንት አገር የመጡ ልጆች በፈረንሳይኛ፣ በእንግሊዝኛና በዓረብኛ ይማሩበታል። ወንድሜ ይህን በስልክ ሲነግረኝ ሁለት ጊዜ ደገመልኝ። እሱ ትምህርት ያቋረጠው ከአራተኛ ክፍል ነው።

ቅጹን ያመጣልኝ ዕቃ ለማምጣት ዓረብ አገር የሚመላለስ የቡታጅራ ነጋዴ ነው። አራት ገጽ ነው፤ ከላይ በፈረንሳይኛ፣ ከሥር በእንግሊዝኛ። ክትባት ወስዳለች ወይ፣ ምን ትበላለች፣ ምን ትፈራለች፣ ከማን ጋር ነው ያደገችው፤ አንድን ልጅ እንዲህ ዘርዝሮ የሚጠይቅ ወረቀት አይቼ አላውቅም። ሦስተኛው ገጽ ላይ «ልጅቷ አፏን የፈታችበት ቋንቋ» ይላል። «አማርኛ» ብዬ ጻፍኩ፤ እጄ እንኳ ቆም አላለም። ቀጥሎ «ቤት ውስጥ የምትሰማቸው ሌሎች ቋንቋዎች» ይላል፤ እዚያ ላይ ሰረዝ አደረግሁ። ከዚያ ወረድ ብሎ፣ ልጅቷ ጠዋት ጠዋት በቤቷ የምትሰማውን ሰላምታ በራሱ ፊደል እንዲጻፍ ይጠይቃል፤ የክፍሉ ግድግዳ ላይ፣ ከፎቶዋ ሥር ይለጠፋል። «እንደምን አደርሽ» አልኩ፣ ቁም ጽሕፈት አድርጌ። የመጨረሻው ጥያቄ፣ ልጅቷ ያልገባት ነገር ሲኖር ማን ይጠየቅ የሚል ነው። የራሴን ስምና የትምህርት ቤታችንን ስልክ ቁጥር ሞላሁ። ወንድሜ የሚጠበቅበት ከሥሩ መፈረም ብቻ ነበር፤ ፈረመ።

እናቴ ጠዋት ለልጅቷ የምትላት «እንደምን አደርሽ» አልነበረም። ይህን አላውቅም ነበር ብል ውሸት ነው። ግን ሰው የሚያውቀውን ሁሉ ከቁጥር አያገባም።

እኔ መምህራን ማሠልጠኛ በገባሁ በመጀመሪያው ሳምንት፣ ክፍል ውስጥ ተነሥቼ አንድ ምንባብ አንብቤ ነበር። ሦስተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ስደርስ ከኋላ ሳቅ ተሰማ፣ ከዚያ ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ምን አጠፋሁ ብዬ ደነገጥኩ። ያጠፋሁት ነገር የለም፤ ጉራግኛዬ አማርኛዬ ውስጥ ገብቶ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያለኝን ሁሉ አጠራቅሜ ቴፕ ገዛሁ፣ የሬዲዮ ዜና በካሴት እየቀዳሁ ዜና አንባቢውን ቃል በቃል እከተለው ጀመር። ሁለት ዓመት እንዲህ ለፋሁ። ስመረቅ አዲስ አበባ ነው የተወለድሽው የሚለኝ ሰው አግኝቼ ነበር፤ የዚያን ቀን ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። እናቴን ከዚያ ወዲህ የማናግራት በአማርኛ ነው። እሷ በጉራግኛ ትጠይቃለች፣ እኔ በአማርኛ እመልሳለሁ፤ ለዓመታት እንዲሁ ኖርን። ሁለታችንም ነገሩን አንሥተነው አናውቅም።

ተማሪዎቼንም በዚሁ መንገድ ነው የመራኋቸው። ወልቂጤ ያሉ ልጆች እርስ በርሳቸው የሚያወሩት ከኛ መስቃንኛ ለየት ባለው በሰባት ቤት ጉራግኛ ነው። እኔ ክፍል ውስጥ ግን ሕግ ነበር፤ ከአማርኛ ሌላ ያወራ ልጅ ስሙን የክፍል አለቃው ይጽፈዋል፣ ዓርብ ዓርብ ዝርዝሩ ይቀርብልኛል፣ ስሙ ያለበት ክፍሉን ይጠርጋል። ነገሩን በክፋት አልነበረም የማደርገው። በኔ ላይ የተሳቀው ሳቅ በነሱም ላይ እንዳይሳቅ ነው። በዚያ ዘመን የአፍ መፍቻ ቋንቋ ነገር በየስብሰባው ይነሣ ነበር፣ እኛም አዳራሽ ተሰብስበን ስንወያይ እጄን አውጥቼ ተናገርኩ። የትኛው ጉራግኛ ነው የምታስተምሩት አልኩ፤ የሰባት ቤቱ ነው፣ የክስታኔው ነው፣ የመስቃኑ ነው? እንዲያ ከምንባዝን ልጆቻችን የሚያሻግራቸውን ይያዙ አልኩ። ሰው አጨበጨበልኝ። ንግግሬ ጥሩ ነበር፣ ዛሬም ቢሆን ሁሉም ስህተት ነበር አልልም።

ልጅቷን የማያት በበዓልና በክረምት ነው። ገና ከበሩ ስገባ የሷ ድምፅ ከጓሮ ይሰማል። አያቷ እንሰት ስትፍቅ አጠገቧ ቁጭ ብላ ሳታቋርጥ ታወራለች፤ ዶሮዋን ትሰድባለች፣ ላሚቱን ትጠይቃለች፣ ለእንሰቱ ሁሉ ስም አውጥታለታለች። እኔ ቀርቤ በአማርኛ «ደህና ነሽ?» ስላት አያቷ ቀሚስ ውስጥ ትገባለች። ዓይን አፋር ናት እል ነበር። ከረሜላ ስሰጣት ትቀበላለች፣ ቃል ግን አይወጣትም።

የዚያን ዓመት ወንድሜ ለአረፋ መጥቶ፣ በዓሉን አሳልፎ ይዟት ሄደ። ቡታጅራ መናኸሪያ ድረስ የሸኘናቸው እናቴና እኔ ነን። እናቴ መረቀቻት፣ እፍ እያለች በአናቷ ላይ ዱዓ አደረገችላት። አውቶቡሱ ሊነሣ ሲል እኔ አንድ የምመክራት ነገር እንዳለ ተሰማኝ። በደንብ እንዲገባት ስለፈለግሁ፣ ጎንበስ ብዬ በጉራግኛ ነገርኳት፤ ከተወለደች ጀምሮ በጉራግኛ ያነጋገርኳት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ትምህርት ቤት ስትገቢ በዚህ ቋንቋ እንዳታወሪ፣ ይስቁብሻል አልኳት። ዓይኗን አፍጥጣ አየችኝ፣ ከዚያ ራሷን ነቀነቀች። ጎበዝ ብዬ ጉንጯን ሳምኩ።

መስከረም አልፎ፣ ጥር ሊጋመስ ሲል፣ አንድ ቀን ከክፍል ተጠርቼ ርእሰ መምህሩ ቢሮ ሄድኩ። ስልኩ የወንድሜ ነው። ሰላምታውን አሳጠረው፤ ደህና ናችሁ አልሐምዱሊላህ ብሎ ወዲያው ወደ ነገሩ ገባ። ልጅቷ ትምህርት ቤት ከገባች ጀምሮ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ትስላለች፣ ትቆጥራለች፣ የተባለችውን በምልክት ትሠራለች፣ አፏ ግን አልተከፈተም። መምህሯ ፈረንሳዊት ናት፣ ሰው የምትወድ ሴት ናት፣ ብዙ ሞክራለች። ልጆቹ በየቀኑ አንዱን በቋንቋው ሰላም ማለት የክፍሉ ልማድ ስለሆነ፣ የሷ ተራ በደረሰ ቁጥር ሁሉም ተነሥተው ግድግዳውን እያዩ በተሰባበረ አንደበት «እንደምን አደርሽ» ይሏታል። እሷ ዝም ብላ ታያቸዋለች። በመጨረሻ አንዲት ኢትዮጵያዊት ፈልገው አምጥተው በአማርኛ አስጠየቋት፤ ሥዕል እያሳዩ ይህ ምንድነው፣ ያ ምንድነው። ምንም።

«በራሷ ቋንቋም አትናገርም፣ ሕመም አለባት አሉኝ» አለ ወንድሜ። ትምህርት ቤቱ እንዲህ ላለ ልጅ የተዘጋጀ ክፍል ስለሌለው፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ ስብሰባ አለ፤ እስከዚያ ለውጥ ከሌለ ወደ ሌላ ቦታ ውሰዷት ይሉናል አለ። እዚያ ደግሞ ሌላ ቦታ የሚባል ለኛ ዓይነት ሰው የለም። «ማታ ስገባ ከኔ ጋር ትንሽ ታወራለች፣ ከእናቷ ጋር ግን ራሷን ከመነቅነቅ አታልፍም፤ ይህን ስነግራቸው ወላጅ ሁሉ እንዲህ ነው የሚለው አሉኝ» አለ። በምን ቋንቋ ነው የምታወራህ አልኩት፣ መልሱን እያወቅሁ። በኛው ነዋ አለ፣ እንዲያውም ጥያቄው ገርሞት። ይህን ነገርካቸው ወይ ስለው፣ ይኼ ምን ይነገራል አለኝ። ለሱም ጉራግኛ በወረቀት የሚሞላ፣ ለፈረንጅ የሚነገር ነገር አልነበረም። ቤታችን ሁላችንም አንድ ነን።

ከኔ የፈለገው ከቡታጅራ ሐኪም ቤት ልጅቷ ጤነኛ እንደነበረች የሚመሰክር ወረቀት ነው። እኔ የስልኩን ገመድ በጣቴ እየጠመዘዝኩ ሁሉም ነገር ገብቶኝ ነበር። ያንን ሰረዝ፣ ያንን ቁም ጽሕፈት፣ አንድ በአንድ አየሁት። ያኔ መናገር ነበረብኝ። ወረቀቱን አመጣለሁ አልኩት እንጂ ሌላ አልተናገርኩም። ፈራሁ። የሰው ልጅ አርማለሁ ብዬ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የሚባለው ለኔ ነው።

ያኔ ከወልቂጤ ቡታጅራ ቀጥታ የሚወስድ ደህና መንገድ ስላልነበረ ብዙው ሰው የሚሄደው አዲስ አበባ ገብቶ፣ በጥያ በኩል ዞሮ ነው። እኔም እንደዚያው ዓርብ ተነሥቼ ቅዳሜ እናቴ ዘንድ ደረስኩ። መንገዱን ሙሉ ለእናቴ እንዴት አድርጌ እንደምነግራት ሳስብ ነበር። የሐኪሙን ወረቀት ጉዳይ ብቻ አንሥቼ ዝም ልል ወስኜ ገባሁ።

እናቴ ፊደል አልቆጠረችም፣ ግን እሷን ማታለል አይቻልም። ነገሩን በአማርኛ ስነግራት ከሥራዋ ቀና ሳትል ሰማችኝ። ስጨርስ፣ በምን ቋንቋ ነው የሚያናግሯት አለችኝ። በፈረንሳይኛም ይሞክራሉ፣ በአማርኛም አናግረዋታል አልኩ። እጇን ከእንሰቱ አነሣች።

«አማርኛ የሷ ነው ያላቸው ማነው?» አለች።

ዓይኔን አየችው፤ ከዚያ በላይ አልጠየቀችም። እኔ ጓሮው ውስጥ የተተከለውን ችግኝ መቁጠር ጀመርኩ።

«የኔን ልጅ ዲዳ አድርገሽ ነው የላክሻት» አለችኝ በመጨረሻ። ጮኽ ብላ አልነበረም። ብትጮኽብኝ ይሻለኝ ነበር። አለቀስኩ፤ ሰላሳ ስምንት ዓመቴ ነበር፣ እንደ ልጅ አለቀስኩ። እናቴ እንድጨርስ ጠበቀችኝ፣ ከዚያ ተነሥታ እጇን ታጥባ መጣች። እንሰት ሲዛወር አይተሽ አታውቂም ወይ አለችኝ። ከአንድ ቦታ ነቅለን ሌላ ቦታ ስንተክለው ሥሩን እንከረክመዋለን እንጂ ጨርሰን አንቆርጠውም፤ ሥር የሌለውን የት ብትተክይው አይዝም አለች። ከዚያ ያንን የምታወሪበትን ሣጥን አምጪው አለች። ቴፑን ማለቷ ነው።

ቴፑን ለዜና በሄድኩበት ሁሉ ስለምይዘው አብሮኝ ነበር፣ ባዶ ካሴት ግን አልነበረኝም። አንድ ብቻ ነበረኝ፤ የሠልጣኝነት ዘመኔ ካሴት፣ ዜና አንባቢው ያለበት። ለዚያ ሁሉ ዓመት አስቀምጬዋለሁ። አውጥቼ አስገባሁት፣ መቅጃውን ተጫንኩ፣ እናቴ በሱ ላይ ተናገረች።

መጀመሪያ ሣጥኑን ተቆጣችው፤ ምን ያፈጥብኛል አለች። ከዚያ ልጅቷን በምትጠራበት የቁልምጫ ስም ጠራቻት፣ ያን ጊዜ ድምፅዋ ሌላ ሆነ። ተረት አልነገረቻትም፣ ምክር አልመከረቻትም። በየጠዋቱ የምታወራትን አወራቻት። ዶሮዋ ስንት እንቁላል እንደጣለች፣ ላሚቱ ማንን እንደወጋች ነገረቻት። ደግሞ ትጠይቃታለች፣ ከጠየቀች በኋላ ዝም ትላለች። በላሽ ወይ ትላለች፣ ትጠብቃለች። ያ ትልቁ እንሰት ስሙ ማን ነበር ትላለች፣ ትጠብቃለች። እማማ፣ ካሴቱ እየሮጠ ነው፣ ዝም አትበይ አልኳት። አንቺ አታውቂም አለችኝ፤ ልጅ እኮ የሚመልስበት ጊዜ ይፈልጋል።

ነጋዴው ሰኞ ሊሄድ ነበርና ካሴቱን ከሐኪም ቤቱ ወረቀት ጋር ሰጠሁት። አብሬ ለወንድሜ ደብዳቤ ጻፍኩ። «ቅጹ ላይ ስህተት ተፈጥሯል፣ የልጅቷ ቋንቋ ጉራግኛ፣ መስቃንኛ ነው ብለህ ንገራቸው» አልኩት። ስህተቱን ማን እንደፈጠረው አልጻፍኩም። ስህተት በራሱ እንደ እንጉዳይ የበቀለ ይመስል።

ስብሰባው ሁለት ቀን ሲቀረው ወንድሜ እንደገና ደወለ። ካሴቱ ደርሷል። መምህሯ ክፍል ውስጥ ከፍታው ልጅቷ ጆሮዋን ሣጥኑ ላይ ለጥፋ አዳመጠች፤ በየዝምታው ላይ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ግን የለም። መምህሯ ይህን አይታ እንባዋ መጣ፤ ልጅቷ ትናገራለች፣ የሚያግዳት ነገር አለ ብላ ለአለቆቿ ብትነግርም በዓይናችን አላየንም፣ በጆሯችን አልሰማንም አሏት። እቤት ሲከፍቱላት ግን፣ ወጥ ቤት ገብታ በሩን ገርበብ አድርጋ፣ ለአያቷ ጥያቄ አንድ በአንድ ስትመልስ ሰማኋት አለ ወንድሜ። የእንሰቱንም ስም ተናገረች። ገባሁና፣ ታዲያ ትምህርት ቤት ለምን አትናገሪም አልኳት አለኝ።

ከዚያ የሰጠችውን መልስ ነገረኝ።

«አክስቴ ትምህርት ቤት በዚህ ቋንቋ አይወራም ብላኛለች አለችኝ። ብለሻታል?»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። ብያታለሁ አልኩት። ቅጹንም አማርኛ ብዬ የሞላሁት እኔ ነኝ አልኩት፣ መናኸሪያ ላይ ያልኳትንም ሁሉ ነገርኩት። ይሰድበኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። ወንድሜ ግን ታላቁን የሚያከብር ሰው ነው፤ እቴ፣ እኔም እኮ አልነገርኳቸውም አለኝ። ይህ አባባሉ ይበልጥ አንገበገበኝ። ልጅቷ ያልተናገረችው አማርኛ ስለማታውቅ ብቻ አልነበረም፤ ታዛዥ ስለነበረች ነው። አራት ወር ሙሉ ቃሌን ጠብቃልኛለች። እናቷና መምህሯ ቢለምኗትም እምቢ ያለችው፣ የከለከልኳት እኔ ስለነበርኩ ነው፤ ያሰርኩትን መፍታት ያለብኝ እኔው ነበርኩ።

የስብሰባው ቀን፣ በኛ አቆጣጠር አራት ሰዓት ላይ፣ ከዚያ እንዲደውሉ ተስማማን። ርእሰ መምህሩን አስፈቀድኩ። ቢሮው ውስጥ እሱና ጸሐፊዋ፣ ውጤት የሚሞሉ ሁለት መምህራንም ነበሩ። መስኮቱ ክፍት ነው፣ ከመስኮቱ ሥር የሰንደቅ ዓላማው ሜዳ ነው፣ ሰዓቱ ደግሞ የዕረፍት። መስኮቱን ዝጉልኝ ማለት አፈርኩ። ስልኩ ጮኸ።

መስመሩ መጥፎ ስለነበር ካልጮኹ አይሰማም። ወንድሜ ሁሉም ሰው እዚህ አለ፣ መምህሯም፣ ኃላፊዎቹም፣ ድምፅሽ ለሁሉም እንዲሰማ አድርገውታል አለኝና ስልኩን ለልጅቷ አቀረበላት። ትንፋሿ ይሰማኛል። እኔም በጉራግኛ መናገር ጀመርኩ።

ማታውን ተለማምጄ ነበር፣ ግን አልረዳኝም። ለሃያ ዓመት ያልተነካ ቋንቋ የዛገ ማጭድ ነው፤ ይይዛል፣ አይቆርጥም። ያኔ የነገርኩሽ ተሳስቼ ነው አልኳት። ተሳሳትኩ የሚለው ቃል ጠፍቶብኝ በአማርኛው ሞላሁት። እዚያ በፈለግሽው ተናገሪ አልኳት፣ በአያትሽ ቋንቋ ተናገሪ፣ ቢስቁም ይሳቁ፣ አንቺም አብረሽ ሳቂ። ጸሐፊዋ መጻፏን አቆመች። ከውጭ የነበረው የልጆች ጫጫታ እየቀነሰ ሄደ። እኔ እየጮኽኩ ነው፣ ከወዲያ መልስ የለም። ልቀጥል ስል እናቴ ትዝ አለችኝ። ልጅ የሚመልስበት ጊዜ ይፈልጋል ብላኝ ነበር። ዝም አልኩ።

ብዙ ቆየ። ከዚያ ያቺ ቀጭን ድምፅ፣ በጉራግኛ፣ ጥርት ብላ መጣች።

«አክስቴ፣ አንቺ ይኼን ቋንቋ አትችይውም እንዴ?»

ከዚያም ሳቀች። እንዴት ያለ ሳቅ። ያልኩትን እየደገመች፣ እንዲህ አይባልም፣ እንዲህ ነው የሚባለው እያለች አንድ በአንድ አረመችኝ። ከኋላዋ ወንበር ሲንኳኳ፣ ሰው በማላውቀው ቋንቋ ሲናገር፣ ወንድሜ አልሐምዱሊላህ፣ አልሐምዱሊላህ ሲል እሰማለሁ። በዕድሜዬ በአነጋገሬ ሁለት ጊዜ ተስቆብኛል። የመጀመሪያው ሃያ ዓመት አሳፍሮኝ ኖሯል፤ ይኼኛው እንዲቆም አልፈለግሁም። እስኪቋረጥ ድረስ የምትለውን እየደገምኩ፣ እየተሳሳትኩ ቆየሁ።

ስወጣ ሜዳው ላይ የነበሩት ልጆች መንገድ ለቀቁልኝ። ዓርብ ዕለት የክፍል አለቃዋ እንደልማዷ ዝርዝሩን አመጣችልኝ፣ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ። ሦስት ስም አለበት፤ የመጨረሻው የኔ ነው። ማን እንደጻፈው አልጠየቅሁም። ቀሚሴን ሰብሰብ አድርጌ መጥረጊያውን አነሣሁና ከሁለቱ ልጆች ጋር ክፍሉን ጠረግሁ። አንደኛዋ «መምህርት፣ ጥግ ጥጉ ቀርቷል» አለችኝ፣ በራሷ በሰባት ቤት ጉራግኛ። ከዚያ በኋላ ዝርዝር አላስጻፍኩም። አማርኛውን እንደድሮው አጥብቄ አስተማርኩ፤ እሱን እስከ ጡረታዬ አልተውኩም፣ የምተውበትም ምክንያት አላየሁም።

ልጅቷ እዚያው ቀረች። ዓመቱ ሳያልቅ ፈረንሳይኛውን ያዘችው፣ ዓረብኛውን ከሜዳ ለቀመችው፣ አማርኛውን ከእናቷ ጋር ማውራት ጀመረች። መምህሯ ሌላ ቅጽ ላከች፣ ያው አራት ገጽ፣ አሁን በትክክል ሙሉልኝ ብላ። ከነጋዴው እንደተቀበልኩ ይዤው እናቴ ዘንድ ሄድኩ። አፏን የፈታችበት ቋንቋ በሚለው ላይ «መስቃንኛ» ብዬ ጻፍኩ። የቋንቋዬን ስም በወረቀት ላይ ስጽፍ በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነበር፣ ጽሕፈቱም አላማረም። ጠዋት የሚሏትን ሰላምታ እናቴ እየተናገረች እኔ ጻፍኩ።

የመጨረሻው ጥያቄ ላይ ደረስኩ፤ ልጅቷ ያልገባት ነገር ሲኖር ማን ይጠየቅ የሚለው። የእናቴን ስም ጻፍኩ። ስልክ ስለሌላት መንገድ ዳር ያለውን የወፍጮ ቤቱን ስልክ ሞላሁ፣ ጠርተው ያመጧታል። ምን እንደጻፍኩ ጠየቀችኝ፣ በጉራግኛ። እኔም በጉራግኛ፣ እየተንተባተብኩ፣ ልጅቷ የማይገባት ነገር ካለ ፈረንጆቹ አንቺን ይጠይቃሉ አልኳት። አስባ አስባ ራሷን ነቀነቀች።

«ይደውሉ» አለች። «ብቻ ገበያ ቀን እንዳይሆን።»